ሁለት ሆናችሁ ሩቅ መንገድ በሞተር ልትሄዱ ነው? ምርጫችሁን ከተፈናጣጩ ጀምሩ

"ሁለት ሰው ብቻ? ይሄማ ሦስት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ይችላል!"

ከባልደረቦቻችን አንዱ ከዓመታት በፊት ያገለገለ 150 ሲሲ ሞተር ሲገዛ ሻጩ ያለው ይህን ነበር። ሰውዬው ሙሉ በሙሉ አልዋሸም፤ ሞተሩ ከተማ ውስጥ ሁሉንም ቻለ። ችግሩ የመጣው ባልደረባችን ባለቤቱን አፈናጦ፣ ሁለት ሻንጣ ከኋላ አስሮ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ሲወርድ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተው። የኋላውን ፍሬን ሲረግጥ ፔዳሉ ወረደ፣ ሞተሩ ግን አልቀነሰም። በፊት ፍሬንና በማርሽ እየያዘ እንደምንም ወደ ተራራው ጥግ ተጠግቶ አቆመው። ባለቤቱ ወርዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና "እኔ ከዚህ በኋላ በእግሬ ነው" አለች።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም አልተጎዳም። ሞተሩም መጥፎ ሞተር አልነበረም። ለሁለት ሰው፣ ለሻንጣ፣ ለረጅም ቁልቁለት ተብሎ አልተመረጠም፣ በቃ።

በውስጥ መስመር "ለረጅም መንገድ ምን ዓይነት ሞተር ይሻላል?" እያላችሁ የምትጠይቁን ብዙ ናችሁ። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት ስለ ሲሲ ነው፣ ስለ ፍጥነት ነው፣ ስለ መልኩ ነው። እኛ ደግሞ አንድ ጥያቄ እናስቀድማለን፦ ከኋላችሁ ማን ይፈናጠጣል? ነጂው መሪ ይዟል፤ ጉድጓዱን ያያል፤ ፍሬን ሊይዝ ሲል ራሱን ያዘጋጃል። ተፈናጣጩ ግን መሪም ፍሬንም የለውም፤ የሚያየው የእናንተን ጀርባ ነው። ሞተሩ ለእሱ ከተስማማ ለእናንተም ይስማማል። ለእናንተ ብቻ ከተስማማ ግን መንገዱ ግማሽ ሳይደርስ ጭቅጭቅ ይጀመራል፤ ሲብስም አደጋ ይመጣል።

እንግዲህ አንድ በአንድ እንያቸው።

1. መጀመሪያ ኪሎውን ደምሩ

እያንዳንዱ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ "ከነጭነቱ ከዚህ ኪሎ አይለፍ" የተባለበት ጣሪያ አለው። ቁጥሩ በመመሪያ መጽሐፉ ላይ፣ ብዙ ጊዜም በሻንሲው ላይ በተለጠፈች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ይገኛል። ከዚህ ጣሪያ ላይ ነዳጅ የሞላውን የሞተሩን ክብደት ስትቀንሱ የሚቀረው የእናንተ ድርሻ ነው።

ምሳሌ እንስጥ። ቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስ የሚባለው ትልቁ የጉዞ ሞተር ጣሪያው 465 ኪሎ ነው። ራሱ ነዳጅ ሞልቶ 249 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ የሚሸከመው 216 ኪሎ ነው ማለት ነው። ያ ሁሉ ግዙፍ ሞተር የሚሸከመው ይህን ያህል ነው!

አሁን የራሳችሁን ደምሩ። ነጂው 75 ኪሎ፣ ተፈናጣጯ 60 ኪሎ፣ ሁለት ሄልሜት፣ ጃኬትና ጫማ 10 ኪሎ፣ ሻንጣ 20 ኪሎ፣ ውሃና መፍቻ 5 ኪሎ። 170 ኪሎ ሞላ። በአነስተኛ ሞተሮች ላይ የመጫን አቅሙ ከሞዴል ሞዴል ቢለያይም ብዙ ጊዜ 150 ኪሎ አካባቢ ነው። ስለዚህ ገና ከቤት ሳትወጡ አልፋችኋል። "እኔ እኮ ሦስት ሰው ጭኜ አውቃለሁ" የሚል አይጠፋም። መጫን ይቻላል። ጥያቄው ጭኖ በሰዓቱ መቆም ይቻላል ወይ ነው።

2. መቀመጫው ላይ ተፈናጣጩን አስቀምጡት

ሞተር ስትገዙ ብቻችሁን አትሂዱ። አብሯችሁ የሚጓዘውን ሰው ይዛችሁ ሂዱና ቢያንስ ለሃያ ደቂቃ አስቀምጡት። የምታዩት ይህን ነው፦

የኋላው መቀመጫ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው ወይስ ወደ ላይ የተሰቀለች ትንሽ ትራስ ናት? የስፖርት መልክ ያላቸው ሞተሮች ላይ የኋላ መቀመጫዋ ለፎቶ ታምራለች እንጂ ለአንድ ሰዓት አትሆንም። ሰውየው ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጀርባችሁ ላይ ይለጠፋል፤ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ክብደቱ እጃችሁ ላይ ያርፋል።

የእግር መርገጫው ምን ያህል ይርቃል? ጉልበቱ በጣም ከታጠፈ ከአንድ ሰዓት በኋላ እግሩ ይደነዝዛል። ሁለቱም እግሮች ሳይንጠለጠሉ መርገጫው ላይ ማረፍ አለባቸው። እግሯ መርገጫው ላይ የማይደርስ ልጅ ደግሞ ለረጅም መንገድ መፈናጠጥ የለባትም።

የሚጨበጥ ነገር አለ? ከመቀመጫው ጎንና ጎን ጠንካራ ብረት ሲኖር ተፈናጣጩ እናንተን ከማነቅ ይድናል። ከኋላ ሳጥን የሚገጥም ሞተር ከሆነ ደግሞ ሳጥኑ መደገፊያ ይሆናል። ከባድ ዕቃ ግን ፖርቶመጋላው ጫፍ ላይ አታስሩ። ከኋላ ጎማ አልፎ የተንጠለጠለ ክብደት ፊቱን ያቀለዋል፤ መሪው መዋዠቅ ይጀምራል።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ልብስ። የሕንድ ሞተሮች ላይ በግራ በኩል ከኋላ ጎማ አጠገብ የተገጠመ የብረት መከላከያ አይታችሁ ይሆናል። ብዙ ሰው ጌጥ ወይም የዕቃ ማሰሪያ ይመስለዋል። ሕንዶች የሠሩት የሴቶቹ ሳሪ ጎማና ሰንሰለት ውስጥ እንዳይገባ ነው። ለእኛ ነጠላና ቀሚስም ያው ነው። ያን ብረት አስፈትታችሁ እንዳትጥሉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሱሪ ነው፤ ለረጅም መንገድ በጎን መቀመጥ አይታሰብም። በጎን የተቀመጠ ሰው የሚረግጠውም የሚይዘውም በቂ ነገር የለውም፤ ኩርባ ላይ ሚዛኑን ያሳጣችኋል።

3. ጉልበት፦ አገራችን ከፍ ያለች ናት

ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ኢንጂኑም ትንፋሽ ያጥረዋል። በጥቅሉ በየ1 ሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 12 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት 150 ሲሲ ሞተር ከ2,800 ሜትር በላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ላይ በእጁ የሚቀረው 9 ገደማ ነው። በዚያ ላይ ሁለት ሰውና ሻንጣ አድርጉና ጣርማ በር አቀበት ላይ አስቡት። ሁለተኛ ማርሽ ላይ እያጓራ ይወጣል። ይወጣል፤ ግን ከኋላ የሚመጣውን ከባድ መኪና ሸሽቶ ለማምለጥ፣ ወይም ቀርፋፋ መኪና ቶሎ ለማለፍ የሚተርፍ ጉልበት የለውም።

እዚህ ላይ ካርቡሬተር እና ኢንጀክሽን ያለውን ልዩነት እወቁ። ካርቡሬተር የሚሰጠውን ነዳጅ እንደ አየሩ አይመጥንም፤ ከፍታ ላይ ነዳጁ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይታፈናል። ኢንጀክሽን ያለው ራሱ ያስተካክላል። በሌላ በኩል ካርቡሬተር መንገድ ላይ ማንኛውም መካኒክ ፈትቶ ያጥበዋል፤ ኢንጀክሽን ከተበላሸ ግን በትንሽ ከተማ የሚያየው ሰው ላይገኝ ይችላል። ሁለቱም ዋጋ አላቸው፤ ምርጫው የምትሄዱበትን መንገድ ያያል።

4. ፍሬን፦ እዚህ ላይ አትደራደሩ

የባልደረባችን ታሪክ ሚስጥሩ ይኼ ነው። ሞተሩ 120 ኪሎ፣ እሱ 75 ኪሎ፤ ብቻውን ሲነዳ የሚቆመው 195 ኪሎ ነበር። ከባለቤቱና ከሻንጣው ጋር ወደ 290 ኪሎ ደረሰ። ያው ፍሬን አንድ ተኩል እጥፍ ሥራ ተሰጠው። ፍጥነት ሲጨመር ደግሞ ነገሩ ይብሳል፦ ከ40 ወደ 80 ብትሉ ፍሬኑ የሚያጠፋው ኃይል በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ያድጋል።

ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ሲሆን በሁለቱም በኩል ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በእንደዚህ ያለ መንገድ የኋላውን ፍሬን ረግጦ መውረድ ሸራውን ማቃጠል ነው። ታምቡር ፍሬን፣ ማለትም ሸራው ጎማው እምብርት ውስጥ ተዘግቶ የሚይዘው ዓይነት፣ ሙቀቱን ቶሎ አያስወጣም። ዲስክ ፍሬን ግን ውጭ ስለሆነ ነፋስ ያገኘዋል።

ስለዚህ ለሁለት ሰው ቢያንስ የፊቱ ዲስክ ይሁን፤ የኋላውም ዲስክ ከሆነ እሰየው። ኤቢኤስ ያለው ካገኛችሁ ደግሞ ጨምራችሁም ቢሆን ግዙት። ኤቢኤስ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርግ ነው፤ በዝናብና በአሸዋማ አስፋልት ነፍስ ያድናል። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ የሆኑ አዳዲስ ሞተሮች ሁሉ እንዲኖራቸው አስገድዳለች። ይህ ግን ሕንድ ውስጥ ለሚሸጡት ነው፤ እኛ አገር ያለው ተመሳሳይ ሞዴል ላይኖረው ይችላል። ስሙን አይታችሁ ሳይሆን ጎማው ላይ ያለውን አይታችሁ እመኑ።

አወራረዱንም እንንገራችሁ። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሱ፤ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ የሚባለው ለዚህ ነው። ፎሌ አድርጋችሁ ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ በጭራሽ እንዳትወርዱ። ፍሬን ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ በሁለቱም ተጠቀሙ። ሽታ ከመጣ ቁሙ፤ ይቀዝቅዝ። ውሃ አታፍሱበት።

5. ጎማና አሞርዛተር

ጎማው ጎን ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ የምትጻፍ ቁጥር አለች፤ የምትናገረው ጎማው የሚሸከመውን ክብደት ነው። 57 ከሆነ 230 ኪሎ፣ 62 ከሆነ 265 ኪሎ። ሁለት ሆናችሁ ስትሄዱ አብዛኛው ክብደት የኋላው ጎማ ላይ ስለሚያርፍ ርካሽ ነው ብላችሁ ቁጥሩ ያነሰ አትግጠሙ። የተሠራበትም ጊዜ አለ፦ 2319 የሚል ካያችሁ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ጥርሱ ያልበላ ግን ዕድሜው የገፋ ጎማ አዲስ አይደለም፤ ደርቋል።

ነፋሱንም ለሁለት ሰው አስሞሉ። መመሪያው ላይ ለአንድና ለሁለት ሰው የተለያየ ቁጥር ተጽፏል፤ የኋላው ከፍ ይላል። ጎሚስታው በእጁ ጫን ጫን አድርጎ "ጥሩ ነው" ቢላችሁ አትቀበሉት፣ መለኪያ ይምጣ።

አሞርዛተሩን በተመለከተ ብዙ ሞተሮች ላይ የኋላውን ስፕሪንግ የሚያጠብቅ ደረጃ ደረጃ ያለው ቀለበት አለ። ብዙ ሰው ከተገዛ ጀምሮ ነክቶት አያውቅም። ተፈናጣጭ ሲኖር አንድ ሁለት ደረጃ አጥብቁት። ካላጠበቃችሁ የኋላው ይሰጥማል፣ የፊት መብራቱ ሰማይ ያያል፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር የተፈናጣጩ ወገብ ይመታል።

6. ነዳጅና መለዋወጫ

ነዳጅ የመጥፋት ጣጣችንን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሞልቶ ምን ያህል ይሄዳል የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የታንኩ ሊትር ሲባዛ በሊትር በሚሄደው ኪሎ ሜትር። 11 ሊትር የሚይዝ ትንሽ ሞተር ሁለት ሰው ጭኖ በሊትር 40 ቢሄድ 440 ይሆናል። 20 ሊትር የሚይዘው ሱዙኪ ቪ-ስትሮም 650 በሊትር 22 ቢሄድ ያው 440 ነው። ትልቅ ታንክ ሁልጊዜ ሩቅ ያደርሳል ማለት አይደለም። ከምታገኙት ቁጥር ላይ ደግሞ አንድ አራተኛውን ለአቀበት፣ ለንፋስና ለተዘጋ ማደያ ቀንሱ።

በሀይላንድ ተሞልቶ መንገድ ዳር የሚሸጥ ቤንዚን የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። ውሃ ወይም ጋዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ካርቡሬተሩን ይዘጋል፣ ኢንጀክሽኑን ደግሞ ያበላሻል።

የመለዋወጫውን ነገር በአንድ ጥያቄ መለየት ይቻላል፦ "ፍሪሲዮን ገመዱ ቢበጠስ በየትኛው ከተማ አገኛለሁ?" ለባጃጅ ቦክሰር እና ለቲቪኤስ አፓቼ መልሱ "የትም" ነው። ከውጭ ለመጣ ትልቅ ሞተር መልሱ "ዘመድ ከውጭ ሲመጣ" ሊሆን ይችላል። ትልቁን ከመረጣችሁ ገመዱን፣ ካንዴላውን፣ የፍሬን ሸራውን፣ ፊውዙን ይዛችሁ ተጓዙ።

ኤሌክትሪክ ሞተርስ? ለከተማ ሥራ ጥሩ ነው። ለሁለት ሰው ረጅም መንገድ ግን ቻርጅ ማድረጊያው በየት በየት እንዳለ ሳታውቁ አትነሱ።

ታዲያ የቱን እንግዛ?

ከ100 እስከ 150 ሲሲ፦ ዋጋውና መለዋወጫው ለኪስ ይስማማል። ለሁለት ሰው በቀን ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር፣ ቀለል ያለ ሻንጣ፣ ፍጥነት ከ60 እስከ 70 ብላችሁ ከያዛችሁት ያደርሳችኋል። በየሰዓቱ አሳርፉት፤ እናንተም ታርፋላችሁ። የግብርናና የጤና ባለሙያዎች የሚነዷቸው የገጠር ሞተሮች፣ እነ ያማሃ ኤጂ 100 እና ሱዙኪ ቲኤፍ 125፣ ለጭቃና ለድንጋይ ወደር የላቸውም። ግን ለአንድ ሰው ሥራ የተሠሩ ናቸው፤ ለሚስት አይመከሩም።

ከ180 እስከ 250 ሲሲ፦ ለአብዛኞቻችሁ አቅምን ከምቾት ያስታረቀው ይህ ነው እንላለን። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ያለው 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ተነስቶ፣ ዝዋይ ላይ ዓሣ በልቶ፣ ሳይጨነቁ ይገባል። የፊት ዲስክ፣ ሰፊ መቀመጫና የሚጨበጥ ብረት ያለውን ምረጡ።

ከ400 እስከ 650 ሲሲ፦ ለሁለት ሰው ረጅም መንገድ ትክክለኛው ሞተር ከዚህ ይጀምራል። ሮያል ኢንፊልድ ሂማላያን 411 ጉልበቱ 24 የፈረስ ጉልበት ገደማ ቢሆንም ከታች ጀምሮ ይጎትታል፤ መቀመጫው ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ አጭር ሰውም እግሩ ይደርሳል። ሆንዳ ሲቢ 500 ኤክስ 47 የፈረስ ጉልበት አለው። አገር ውስጥ ግን በቀላሉ አይገኙም፤ ሲገኙም ዋጋቸው ሌላ ነው።

ከዚያ በላይ ያሉት በአብዛኛው ውጭ አገር ያላችሁ ተከታዮቻችንን ይመለከታሉ። አሜሪካ ያላችሁ ሆንዳ ጎልድ ዊንግን ታውቁታላችሁ፦ 1,833 ሲሲ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱር የሚባለው ዓይነት ላይ ተፈናጣጩ እንደ ሶፋ ይደገፋል። ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙ በማይርቀው 105 ማይል የስካይላይን ድራይቭ መንገድ ላይ ባለቤታችሁ እንቅልፍ እንዳይወስዳት ስጉ እንጂ ሌላ ችግር የለውም። ነገር ግን ከ380 ኪሎ በላይ የሚሄድ ነውና ቆሞ ሲያዘነብል የሚይዘው ጉልበት ያስፈልጋል። አውሮፓ ውስጥ ኤ2 መንጃ ፈቃድ ያላችሁ ደግሞ ሕጉ የሚፈቅድላችሁ እስከ 35 ኪሎ ዋት ነው፤ ሲቢ 500 ኤክስ በዚያ ልክ የተሠራ ነው።

ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት

▪️ ተፈናጣጩን ጭናችሁ አቀበት ውጡ፣ ቁልቁለት ውረዱ፣ ባዶ ቦታ ላይ ጠንከር አድርጋችሁ ፍሬን ሞክሩ። ሻጩ "ብቻህን ሞክረው" ካለ ምክንያቱን ጠይቁ።

▪️ ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። ቦሎው የታደሰ ይሁን። ኢንሹራንሱ ተፈናጣጩን ይሸፍን እንደሆነ በግልጽ ጠይቁ።

▪️ አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. በሞተሮች ላይ ገደብ ካወጣች ወዲህ አሠራሩ ተቀያይሯል። የክልል ታርጋ ይዛችሁ ከመግባታችሁ በፊት የሰሞኑን መመሪያ አጣሩ።

▪️ ከበጀታችሁ ላይ የሁለት ሄልሜት ዋጋ አስቀድማችሁ ቀንሱ። ሁለት ነው ያልነው! ለነጂው ደህና ሄልሜት፣ ለተፈናጣጯ የግንባታ ቆብ የሚመስል ነገር የምትሰጡ አላችሁ። በብዙ ጥናቶች ድምር እንደታየው ሄልሜት የመሞት ዕድልን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። ማሰሪያው ካልተቆለፈ ግን እንደሌለ ቁጠሩት።

▪️ በምሽት አትጓዙ። ከብቱ፣ መብራት የሌለው መኪና፣ የተቆፈረው አስፋልት ሁሉም የሚጠብቃችሁ በጨለማ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑንም በዚያው ቀን ከዚያ ከሚመጡ ሾፌሮች ጠይቁ።

▪️ ከተፈናጣጩ ጋር ምልክት ተስማሙ። አንድ ጊዜ ትከሻ መታ ማድረግ "ቀስ በል"፣ ሁለት ጊዜ "ቁም"። ተፈናጣጩ "ቁም" ካለ ምክንያት ሳትጠይቁ ቁሙ።

ባልደረባችን ያን ሞተር ሸጠው። አሁን የያዘው 200 ሲሲ ነው፤ በሁለቱም ጎማ ዲስክ፣ ከኋላ ሳጥን ያለው። የመረጠችውም እሱ አይደለም፣ ባለቤቱ ናት። ሱቅ ውስጥ ሦስት ሞተር ላይ ተራ በተራ ተቀምጣ፣ ሦስተኛው ላይ "ይሄ ይሁን" አለች። ከዚያ ወዲህ አርባ ምንጭ ድረስ ደርሰው ተመልሰዋል። "በእግሬ ነው" ያለችውን ሲያነሳባት "ያኔ አንተ መርጠህ ነዋ!" ትለዋለች።

ሞተር ሊገዛ ላሰበ ወዳጃችሁ አጋሩት። እስኪ እናንተም ሁለት ሆናችሁ የሄዳችሁበትን መንገድና ሞተር ንገሩን።

መልካም መንገድ!